መስመሩ በአንድ ቀን ጠፋ

ለወንድምዬ፣

እንዴት ከረምክልኝ? ጉልበትህስ? «ደህና ነኝ» ብለህ እንዳትሸውደኝ፤ ግድግዳ ይዘህ እንደምትሄድ እማዬ ነግራኛለች። እኔ ካንተ ሐሳብ በቀር ምንም የለብኝም።

እማዬ ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ የአጥንት ካንሰርን ዝም አሰኘችው» እያለች ታወራለች አሉ። ወይ እማዬ! እኔ ዝም ያሰኘሁት የካንሰሩን ሴሎች ሂዱ ሂዱ የሚላቸውን አንድ ዘረ-መል ነው፤ ያውም መዳፍ በምታህል ሳህን ውስጥ። አንተ ደግሞ ይህን ሰምተህ ሐኪሙን «የእህቴ መድኃኒት እስኪደርስ እግሬን አልቆረጥም» አልከው። ክው ነው ያልኩት።

ሥራዬን ልንገርህ። የካንሰሩ ሴሎች ሳህኑን ሲሞሉት መሃሉን ቀጭን ጫፍ ባለው መሣሪያ እጭረዋለሁ፤ ባዶ መስመር ይቀራል። አንተ የቀባኸውን ግድግዳ ሳይደርቅ በጥፍር እንደመጫር በለው። ከዚያ ሴሎቹ ባዶውን ይሻገሩት እንደሆነ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ዘረ-መሉን ዝም ያሰኘንበት ሳህን ላይ ዳር ዳሩን ይዘው ቀሩ። አለቃዬ ቤተ ሙከራውን በጭብጨባ አናጋው። እኔም ዘልያለሁ፣ አልዋሽህም።

ግን ከጎኑ ምንም ያልተደረገለት ሳህን ለማነጻጸሪያ ይቀመጣል። ሁሉም ሲጨበጭብ ዓይኔን ከሱ መንቀል አቃተኝ። በጫርኩት በማግስቱ መስመሩ የለም፣ ድፍን ብሏል። ወንድምዬ፣ አንተ መድኃኒቴን የምትጠብቀው እዚያኛው፣ ምንም ያልተደረገለት ሳህን ውስጥ ሆነህ ነው።

የኔ ሥራ መድኃኒት እስኪሆን ስንት ዓመት እንደሚፈጅ እንጃ፤ ጭራሽ ላይሆንም ይችላል። ሐኪሙ ሳንባህ እስካሁን ንጹሕ ነው፣ ካንሰሩ አልተሻገረበትም ብሏል፤ ይቺ «እስካሁን» የምትባል ነገር እንቅልፍ ነሳችኝ። «በአንድ እግር መሰላል አይወጣም» ማለትህንም ሰምቻለሁ። እውነትህን ነው፣ ቀለም መቀባት ሥራህ ነው። ተቆጣኝ፣ ስደበኝ፣ ብቻ ሐኪሙን እሺ ብለህ ኑርልኝ።

በነገራችን ላይ ቤት ቀይሬያለሁ። ያ የምትወደው አራተኛ ፎቅ ቀርቶ ምድር ቤት ገብቻለሁ። ደረጃ የለውም፤ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥም መደገፊያ ብረት አስተክያለሁ። የግድግዳው ቀለም ግን ያስጠላል። ወንበር ላይ ተቀምጠህ እጅህ እስከሚደርስበት አንተ ትቀባዋለህ፤ ከዚያ በላይ ያለውን እኔ መሰላል ላይ ወጥቼ፣ አንተ ከታች «ተንጠባጠበ፣ አንቺ ደንባራ!» እያልክ።

ፈጣሪ ልብህን ያለዝብልኝ፣ ከኔም ዕድሜ ቀንሶ ላንተ ይጨምርልህ።

መሰላል የምትፈራው እህትህ