በጨው ጆንያ የከረመው ሣጥን

ዋሴ፣

ቁልፉ እትዬ ማንጠግቦሽ ዘንድ ነው። ምስር ወጥ ሠርቼልሃለሁ፤ በራስህ ድስት ነው፣ አትጠራጠር።

ዛሬ እንደሚፈቱህ ሰምቻለሁ። ቆሜ ልቀበልህ ይገባኝ ነበር። ግን ጨው ጭኜ ወደ ወገዳ ወጥቻለሁ። ገበያው ከነገ ወዲያ እንደሆነ ታውቃለህ፤ ለምን ቸኮልክ አትበለኝ።

የአባትህ የብረት መለኪያዎች ከነሣጥናቸው አልጋህ ሥር ናቸው።

አንተን የያዙህ ዕለት፣ ቤቱን ሊፈትሹ እንደሚመለሱ ነገሩኝ። የጠመንጃ ዕቃ ነው ብለው እንዳይወስዱት ሣጥኑን ጨው ጆንያ ውስጥ ቀበርኩት። ሥጋና ቆዳ የሚያቆይ ጨው ብረትም ያቆያል አልኩ። የጨው ነጋዴ ልጅ ነኝ፣ ሌላ ምን አውቃለሁ?

እነሱስ አላገኙትም። ክረምቱን ሙሉ እዚያው ከረመ።

ትናንት ሳወጣው ካሊፐሩ፣ ያ ባለ መንጋጋው መለኪያ፣ ዝጎ አልላቀቅ አለኝ። "በላብ እጅህ አትንካብኝ" እያልክ ስትቆጣኝ ይከፋኝ ነበር። አሁን ገባኝ፤ ላብም ለካ ጨው አለበት። በላምባና በአመድ ስፈትግ ዋልኩ፤ ጥቂቱ ብቻ ነጣ።

እየዞረ ውፍረት የሚለካውን ማይክሮሜትሩንም ፈተግኩት። አባትህ ሊሞቱ ሰሞን የወፍጮውን ዘንግ የለኩበት ቁጥር ላይ ቆሞ ነበር። አንተ ስትወለውለው እንኳ አታዞረውም ነበር።

እኔ ዝገቱን ላላቅቅ ብዬ አዞርኩት።

ቁጥሩን ቀድሜ አላየሁትም። አንተ በቃልህ ይዘኸው እንዲሆን አላህን እየለመንኩ ሄጃለሁ።

ታሂር