በበጉ አፍንጫ ውስጥ የነበረችው ቀይ ፍሬ

ውድ ዶክተር ህሊና፣

«ዶክተር» ስልሽ ሳቄ ይመጣል። አጥራችንን ዘለሽ ዘይቱናችንን ስትለቅሚ የነበርሽ ልጅ! ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ደብዳቤ ነውና ፊደሉን አትልቀሚብኝ።

እዚህ ሚዛን ከተማ ቡናው አብቧል። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ የቱ፣ አበባው የቱ እንደሆነ አይለይም። ከተማው በሙሉ በሕልም ውስጥ የሚሄድ ይመስላል። እማዬ ብቻ አይሸታትም። አፍንጫዋ ውስጥ ያደገው ሥጋ ጨርሶ ዘግቶታል። በአፏ እየተነፈሰች በሩ ላይ ትቀመጥና፣ «አበባው ዘንድሮ ቀረ እንዴ ሻሚል?» ትለኛለች። ሐኪሞቹ በካሜራ ገብተን እናውጣልሽ ቢሏት፣ «የጋሽ ይርዳው ልጅ ካልሆነች ማንም አይነካኝም» ብላ ቁጭ አለች። አንቺ ደግሞ ያንን ካሜራ ሁለተኛ አልይዝም ብለሽ ቴፒ ገብተሻል።

በመሀል ያለሁት እኔ ነኝ።

ኅዳር ላይ ለአፍንጫ ካሜራ ሥልጠናችሁ የበግ ጭንቅላት ከልኳንዳችን ሳመላልስ፣ «ውስጡ የሰው ይመስላል፤ በሰው ከመሳሳት በዚህ ብንሳሳት ይሻላል» ብለሽ ስክሪኑን አሳየሽኝ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሮዝ ዋሻ፣ ጤዛ የያዘ ግድግዳ፣ ከዋሻው ውስጥ ሌላ ዋሻ። እስከ ዛሬ በሕልሜ ባትሪ ይዤ እዚያ ውስጥ እሄዳለሁ፤ መንገዱ ዞሮ ዞሮ ቡና ጫካ ውስጥ ያወጣኛል።

የፈተናሽ ቀን፣ በበጉ ጉሮሮ በኩል አንዲት የበሰለች የቡና ፍሬ በስንጥር ገፍቼ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ስታያት እንድትጮሂ ብዬ ነው፤ ሌላ ተንኮል የለውም።

አንቺ ግን አልጮህሽም። «ቀይ ነገር አለ፣ ክብ ነው» አልሽ።

«ደም ነው! ሥር ቆርጠሻል፣ ካሜራውን አውጪው» አለ አሠልጣኙ።

«ደም አይደለም ዶክተር፣ ክብ ነው።»

«በበግ አፍንጫ ውስጥ ክብ ነገር ከየት ይመጣል? ዓይንሽን ታጠቢ!»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ጭንቅላቱን ልጥል ወጣሁ፤ ፍሬዋን አውጥቼ ኪሴ ከተትኳት። አንቺን ከሥልጠናው ሰረዙሽ፤ እኔ ፍሬዋን ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ትናንት ፍሬዋን ለአሠልጣኙ ወሰድኩለት። ደርቃ ጠቁራለች። ሁሉንም ነገርኩት።

«ውጣ ከዚህ!» አለኝ። በሩ ጋ ስደርስ መልሶ ጠራኝ። «ልጅቷ ልክ ነበረች ማለት ነው?»

«ልክ ነበረች።»

ፍሬዋን በጣቱ አንከባለላት። ከዚያ ስምሽን ለቅዳሜው ልምምድ መልሶ ጻፈው። እኔን ደግሞ ጥበቃው ኪሴን ሳይፈትሽ እንዳያስገባኝ አዘዘ። ምን እላለሁ?

እማዬም ሰማች። ነጠላ ጫማዋን ወረወረችብኝ፤ አልሳተችኝም። «ሲስቁባት እንኳ ያየችውን አልካደችም። እሷኑ ጥራልኝ» አለች።

ለቅዳሜ አንድ ጭንቅላት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጬልሻለሁ። ምንም አልከተትኩበትም፣ ዋላሂ! አላምንህም ካልሽ ደግ፤ ነይና ካሜራውን ይዘሽ ራስሽ ግቢና እይ።

መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። የዘንድሮው አበባ ለእማዬ አይደርስላትም፤ የከርሞው ግን በእጅሽ ነው።

ኪሱ ባዶ የሆነው ጎረቤትሽ፣
ሻሚል