ወገቤና የሞጣ መንገድ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ። ጠዋት 3፡00

ቆሜ ነው የምጽፍልሽ፣ ደብተሬ። የመዝገብ መደርደሪያው ላይ አስደግፌሽ። መ/ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ቆሞ የሚሠራ የለም። ባለጉዳይ ሲገባ ልሸኘው የተነሣሁ ይመስለዋል፤ ሳይቀመጥ ጉዳዩን ቶሎ ቶሎ ተናግሮ ይወጣል። ከዚህ ሕመም ያተረፍኩት ይህን ብቻ ነው።

ወገቤ ሦስተኛ ወሩን ያዘ። ባጃጁ ሳይቆም አንድ እግሬን አወረድኩ። በቃ፣ ሌላ ምንም አላደረግሁም።

የደ/ማርቆሱ ዶ/ር ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥቶ እያየ፣ ኦፕራሲዮን አያስፈልግሽም አለኝ። የአከርካሪሽ ዲስክ ትንሽ ወጣ ብሏል፤ የሆድና የጀርባ ጡንቻሽ ደክሟል። ዮጋና ፒላተስ የሚባሉትን ስፖርቶች ቀላቅሎ የሚያሠራ ሰው ፈልጊ፤ ከስልክ እያየሽ ብቻሽን እንዳትሞክሪው። እግርሽ መደንዘዝ ከጀመረ ግን ነገሩ ይለወጣል። ወረቀት ላይም ጻፈልኝ።

ያኔ መንገድ ክፍት ነበር። አሁን ከብቸና መኪና አይወጣም፣ ወደ ብቸናም አይገባም። ዛሬ ዘጠነኛ ቀን።

የግራ እግሬ ጣቶች ጠዋት ደንዝዘው ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ላንቺ ብቻ።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ። ከሥራ መልስ

ዳታ ለጥቂት ጊዜ መጣ። «በአቅራቢያዬ ዮጋና ፒላተስ» ብዬ ጻፍኩ። ስልኩ ሲያስብ ሲያስብ ቆይቶ አዲስ አበባ፣ ቦሌን አወጣልኝ። አቅራቢያዬ። ሳቅሁ፤ ሳቁ ወገቤን ወጋኝና ተውኩት።

ከመናኸሪያው ጀርባ ወዳለው ጂም ሄድኩ። ገብቼበት አላውቅም። ሲሚንቶ የተሞላበት የዘይት ጣሳ፣ የብረት ዘንግ፣ ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት። ጎረምሶቹ እኔን ሲያዩ ብረታቸውን ቀስ አድርገው አስቀመጡ፤ መርዶ ነጋሪ ሳልመስላቸው አልቀረሁም። ባለቤቱ ጨዋ ሰው ነው። ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበ። ደረትና ክንድ እንጂ ወገብ እንደማያውቅ፣ አውቃለሁ ብሎ ብረት ቢያሸክመኝ እንደሚሰብረኝ ነገረኝ። ይህን የምታሠራ ሴት ሞጣ አለች፣ ከቤሩት የተመለሰች፣ አለ።

ሞጣ። ቁርስሽን በልተሽ ተነሥተሽ ለምሳ የምትደርሺበት አገር ነበር። ዛሬ ከቦሌ በምን ተሻለ።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

የሥራ ባልደረባዬ የውቢት እህት ያገባችው ሞጣ ነው። በእሷ በኩል ቁጥሩ ተገኘ። ሴትዮዋ ዘይነብ ትባላለች። አባቷም አያቷም ሞጣ ውስጥ በጨርቅ ንግድ የኖሩ ናቸው። ሴቶችን የምታሠራው ከሱቁ በስተኋላ ባለው መጋዘን ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን።

አራት ጊዜ ተቆርጦ በአምስተኛው አገኘኋት። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው፤ የማትቸኩል ሴት። በስልክ አሠሪኝ ብዬ ለመንኳት። እንቢ አለች።

«በስልክ ወገብሽን አላየውም። እስክትመጪ ትንፋሽ ብቻ ነው የምሰጥሽ።»

በጀርባ መተኛት። ጉልበት አጥፎ እግርን መሬት ማስረገጥ። በአፍ ቀስ ብሎ እያስወጡ እምብርትን ወደ ጀርባ መሳብ። ጠዋት አሥር፣ ማታ አሥር። ይሄው ነው? አልኳት። ይሄን በደንብ ከሠራሽው ብዙ ነው አለች።

ስድስተኛው ላይ ደከመኝ። ተኝቶ መተንፈስ ያደክማል ብሎ ማን ያምናል።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

አባዬ ሰሙ። ውቢት ደጃፍ ላይ ቆማ «ዮጋሽ እንዴት ሆነ» አለችኝ፤ እሳቸው ዐይናቸው ቢደክምም ጆሯቸው የመሪጌታ ጆሮ ነው። ዕድሜ ልካቸውን የተማሪ ቅኔ ሲያርሙ የኖሩ ሰው፣ አንድ ቃል አያመልጣቸውም።

እራት ላይ ዮጋ ምንድን ነው አሉ። ስፖርት ነው አልኩ። የሕንድ ጣዖት የሚመለክበት ነው ሲባል ሰምቻለሁ፣ አሉ። የሚመለክ የለም፣ ሐኪም ነው ያዘዘኝ አልኩ።

«ለማንም ካልሆነ ጉልበት ለምን ይታጠፋል?»

መልሴን ሳይጠብቁ በዚህ ቤት አይሆንም ብለው እጃቸውን ታጠቡ።

አርባ አንድ ዓመቴ ነው። ከአምስት ልጆች እዚህ የቀረሁት እኔ ነኝ። እማዬ ካረፈች ወዲህ የሚያበላቸውም የሚያለብሳቸውም የለም፣ ከእኔ በቀር። እወዳቸዋለሁ። ግን መንገዱ ተዘጋ፣ ወገቤ ተዘጋ፣ አሁን ደግሞ ቤቱ። ዛሬ የተነፈስኩት መ/ቤት ነው፣ በምሳ ሰዓት፣ ከመዝገቦቹ መሀል ወለሉ ላይ ተኝቼ። ጽዳት የምትሠራዋ ሴት አይታኝ ጮኸች።

ጥቅምት 16፣ እሑድ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ

መንገድ ተከፍቷል። ነገ ጠዋት አውቶቡስ ወደ ሞጣ ይወጣል። እስከ መቼ እንደሚቆይ የሚያውቅ የለም።

ሁለት ቀን ብቻ ብያለሁ። ውቢት ምግብ ታመላልሳለች። ለአባዬ ለሕክምና ሞጣ እሄዳለሁ አልኳቸው። ውሸት አይደለም። እግዜር ይከተልሽ አሉ። የምሄድበትን ሳያውቁት አልቀሩም።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ። ሞጣ

ትናንት ደረስኩ። መንገዱን እኩሌታ የፊት ወንበር ይዤ ቆሜ፤ ሰው ሁሉ ተቀመጪ እያለ ሲለምነኝ።

ዛሬ ገባሁ። መጋዘኑ አዲስ አቡጄዲ አዲስ አቡጄዲ ይሸታል። ስምንት ሴቶች ነን። ነርስ፣ ሁለት መምህራን፣ የቄስ ሚስት፣ የዘይነብ አክስት፣ ሌሎችም። እያንዳንዳችን የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ። ለጉልበት መደገፊያ ጥቅል ጨርቅ። ዘይነብ ሃምሳ ሳይሞላት አይቀርም፤ ሻሿን ግጥም አድርጋ አስራ በባዶ እግሯ በመሀላችን ትዞራለች።

ቤሩት የስፖርት አዳራሽ ስታጸዳ ነው የተማረችው። ወለል እየወለወለች ታያለች፤ ሰው ሲወጣ ብቻዋን ትሞክራለች። አሠልጣኟ አንድ ቀን ደረሰችባትና ከማባረር ይልቅ ክርኗን አስተካከለችላት። ከዚያ ሁለቱንም ቀስ በቀስ አስተማረቻት።

ለምን ትቀላቅያቸዋለሽ አልኳት። ዮጋው ያላላል፣ ፒላተሱ ያጠብቃል አለች። የላላ ብቻ ይወድቃል፣ የጠበቀ ብቻ ይሰበራል። የመሪጌታ ልጅ ነኝና ደስ አለኝ፤ አንዱ «ገና» ሲላላ ሌላ፣ ሲጠብቅ ሌላ።

በአራት እግር ቆምን። ጀርባ እንደ ድመት ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ታች። ከዚያ አንድ እጅና ተቃራኒውን እግር መዘርጋት። ተንቀጠቀጥኩ። ዘይነብ ሁለት ጣቷን ወገቤ ላይ አሳረፈች። እዚህ ጋ ፈርተሻል፣ አለችኝ በቀስታ። እንባዬ መጣ። የቄሱ ሚስት ሁላችንም በመጀመሪያው ቀን አልቅሰናል ብላ አጽናናችኝ።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ። ከሰዓት

የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ከከተማው ሳይርቅ ተመለሰ። መንገዱ ተዘግቷል። ስልክም የለም።

ሻንጣዬን ይዤ ዘይነብ ሱቅ በር ላይ ቆምኩ። ሻንጣውን ተቀበለችኝ።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

አምስት ቀን። የዘይነብ ቤት፣ ሱቁ፣ መጋዘኑ። እስከ ዛሬ ከዚያ አላለፍኩም። እነሱ ለእኔ ብለው ሥጋውን ከክርስቲያን ቤት ያስመጣሉ፤ እኔ ደግሞ እያፈርኩ ሽሮ እወዳለሁ እላለሁ።

ጠዋት ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አሰርኩ። ራሴ። ቋጠሮውን ፈትቼ እንደገና አሰርኩት። ጣቶቼም አይደነዝዙም። ከዚያ አባዬ ትዝ አሉኝ፣ ደስታዬ ጠፋ። እኔ እየዳንኩ ነው፣ እሳቸው ምን በልተው ይሆን። ውቢት ብትታመምስ? ከብቸና የመጣ ሰው እየፈለግሁ መናኸሪያ ዋልኩ። ማንም የለም።

ዘይነብ ዛሬ አንድ ነገር አነሣች። እዚሁ ቅሪ አለችኝ። ዝውውር ጠይቂ፣ የጓሮው ክፍል ባዶ ነው፣ ከዓመት በኋላ አብረሽኝ ታሠሪያለሽ። ስለማስፈልጋት ሳይሆን ስለፈለገችኝ ቅሪ ያለችኝ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት። ላስብበት አልኩ። እያሰብኩበትም ነው፤ ላንቺ አልዋሽም።

ጥቅምት 28፣ ዓርብ። ምሳ ሰዓት

ስልክ መጣ። ወዲያው ደወልኩ። አባዬ ራሳቸው አነሡት። ድምፃቸው ደህና ነው። በልተዋል። ውቢት ትመጣለች። መንገዱ ደግ አይደለምና አትቸኩይ አሉኝ። እንዴት ዋሉ አልኳቸው።

«ደህና ነኝ። ከማክሰኞ ጀምሮ ስግደት ላይ ነኝ።»

ተመስገን አልኩ፤ መስመሩ ተቋረጠ።

10፡00

ጨርቅ እያጠፍኩ ሳለ ገባኝ።

አሁን የስግደት ወቅት አይደለም። ደግሞም አባዬ ጉልበታቸው ከከዳቸው ስንት ዓመታቸው። ቆመው እንኳ የሚያስቀድሱት በመቋሚያ ነው። ሰሙ ስግደት ነው። ወርቁ ሌላ ነው፤ መሬት ላይ ነኝ ማለታቸው ነው። ወድቀዋል። ከማክሰኞ ጀምሮ መሬት ላይ ናቸው።

እንዳልመጣ ዋሹልኝ። ዋሽተው መሞት ደግሞ አልሆነላቸውም፤ ቅኔ አደረጉት።

መልሼ ደወልኩ። የለም።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

ነገ በእግሬ እሄዳለሁ። ወደ ደ/ወርቅ የሚመለሱ ሦስት ነጋዴ ሴቶች አሉ፤ እስከዚያ አብረን፣ ከዚያ ወዲያ እግዜር ያውቃል። ከወር በፊት ከመ/ቤት እስከ ገበያው ሁለቴ ቆሜ የማርፍ ሴት ነበርኩ።

ዘይነብ ትከለክለኛለች ብዬ ነበር። ምሳዋን ትታ አስነሥታኝ በመጋዘኑ ውስጥ አስኬደችኝ። እርምጃ አጭር። ሆድ ገባ። ዳገት ላይ ትንፋሽ መያዝ የለም። በየሰዓቱ በጀርባ መተኛት፣ የትም ይሁን። ሻንጣው እዚህ ይቀራል። ወገቤን በአቡጄዲ አጥብቃ አሰረችኝ።

ክፍሉ ባዶውን ይቆይሻል፣ አለችኝ። አመሰገንኳት። እንደማልመለስ ሁለታችንም ገብቶናል።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ። ብቸና

ትናንት ደረስኩ። በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ ሳትገባ።

መንገዱን ሁሉ አልጽፍልሽም። ግንደ ወይን አንዲት ባልቴት አሳደሩን፤ ደ/ወርቅ ከነጋዴዎቹ አንዷ ቤት አደርኩ። አንድ ዳገት ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ስተነፍስ አላፊዎች የሞትኩ መስሏቸው ከበቡኝ፤ አንዷ ማማተብ ስትጀምር ተነሥቼ አቧራዬን አራገፍኩ። ከደ/ወርቅ ወዲህ ብቻዬን። መጨረሻው ላይ ጣቶቼ ደነዘዙ። ተኛሁ፣ ተነፈስኩ፣ ተመለሱ። እንደገና ደነዘዙ፣ እንደገና ተኛሁ።

አባዬ ፍራሽ ላይ፣ መሬት። ከመደቡ ሲወርዱ ነው የወደቁት። ውቢት ጤና ባለሙያ አምጥታ አሳይታቸዋለች፤ አልተሰበረም፣ ግን ዳሌያቸው አብጧል፣ ብቻዋን ልታነሣቸው አልቻለችም። ለልጄ እንዳትነግሪ ብለው በመስቀል አስምለዋታል።

በሩ ላይ ኮቴዬን ለዩት።

«ወርቁን አገኘሽው?»

«አገኘሁት አባዬ።»

«ዘገየሽ።»

«መንገዱ ነው ያዘገየኝ። ቅኔውስ ቀላል ነበር።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከውቢት ጋር አነሣናቸው። ተንበረከክሁ፣ ሆዴን ሳብኩ፣ እየተነፈስኩ በእግሬ ተነሣሁ። ወገቤ ዝም አለ። መደቡ ላይ ሲያርፉ ክንዴን ይዘው ቆዩ። ከየት አመጣሽው ይህን ጉልበት አሉ። ሞጣ፣ ጨርቅ ነጋዴዎቹ ዘንድ፣ አልኩ። ዮጋ ነው አላልኩም። እሳቸውም አይደለም ወይ አላሉም።

ዛሬ መንገዱ ዝግ ነው። የሞጣው፣ የደጀኑም። ስልክ የለም፤ ዘይነብ መድረሴን አታውቅም። እኔ የምሄድበት የለኝም። አባዬም ሊወጡ አይችሉም፣ ሊያስወጡኝም። ጓዳ ተደብቄ አልተነፍስም፤ ወሰንኩ። ነገ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ከመደባቸው ፊት ብርድ ልብስ አነጥፋለሁ። ከፈለጉ ያዩኛል። ካልፈለጉ ግድግዳው አለላቸው።