በአባታችን ማሳ ላይ የተተከለው የነፋስ መብራት

ለተከበሩ እህቴ ለእትዬ ስንቄ፣ ወረኢሉ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የዓይንዎስ ነገር ምን ላይ ደረሰ? ጋሼ አራጌስ ደህና ናቸው? ዝናቡ ዘንድሮ ፊቱን መለሰላችሁ ወይስ እንዳምናው ሸሻችሁ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ጤነኞች ነን። ባለቤቴ ሳሊሐም ደህና ናት፤ ቡናችንም ተለቅሞ ገብቷል።

እትዬ፣ በሰፈራ ጎሬ አጠገብ ስንወርድ አባታችን መጀመሪያ የመነጠሩትን የኮረብታ ማሳ አይረሱትም፤ ወደ አገር እስኪመለሱ ድረስ እርስዎም አርመውበታል። ያን ማሳ ሳላማክርዎ ሰጥቻለሁ። ምን እንደ ሆነ ሲሰሙ እንደማይቀየሙኝ አምናለሁ።

የመንደራችን ማኅበር በነፋስ የሚሠራ መብራት ሊያቆም ከተነሳ ሁለት ዓመት ሆነው። ህሊና የምትባል መሐንዲስ ከመቱ እየተመላለሰች ዓመት ሙሉ ነፋሱን ለካች። በመጨረሻ ሌላው ኮረብታ ጫካ ስለሆነ ነፋሱ ሳይሰበር የሚመጣው በእኔ ማሳ ላይ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። ሦስት ቀን መልስ ነፈግኋት። ሰፋሪ መሬት ልቀቅ ሲባል ሆዱ ምን እንደሚል ለእርስዎ አይነገርም። ዳግመኛ የምንነቀል መሰለኝ።

ከዚህ ጭንቀት ያወጡኝ ጎረቤታችን ኦቦ አራርሳ ናቸው፤ ያኔ ለአባታችን በሬ ያዋሱት። ቤቴ ድረስ መጥተው «ከእኔ ማሳ ምትኩን ውሰድ፤ አባትህን ያስጠጋሁት አንተ እንድትፈናቀል አይደለም» አሉኝ። በማግስቱ በሽማግሌ ፊት ተፈራረምን።

ትልቁ ጣጣ የመጣው ከክንፎቹ ጋር ነው። ሦስት ማማ፣ ዘጠኝ ክንፍ፤ አንዱ ክንፍ ከቤታችን ይረዝማል። የጫናቸው መኪና ወደ ኮረብታው ከሚያወጣው መታጠፊያ ላይ አልዞር አለ። በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላው የኦቦ አራርሳ ቡና ነው። ሾፌሩ ቡናው ይቆረጥ አለ። ኦቦ አራርሳ ቡናቸውን ሲያዩ እኔ መቻል አቃተኝና «የጎጆ ክዳን ተሸክመን የምናሻግር ሰዎች ይህ ያቅተናል?» አልኩ። ህሊና ክብደቱን አስልታ ለአንዱ ሃምሳ ሰው ይበቃል አለች። አገሬውም ሰፋሪውም፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ትከሻውን ሰጠ። ኦቦ አራርሳ ከፊት ከፊት እየሄዱ «ጃባዳ፣ በርቱ» ይሉን ነበር። ዘጠኙንም በሁለት ቀን አወጣን። ትከሻዬ እስከ ዛሬ አልዳነም፤ ግን ከቡናው አንድ ቅርንጫፍ አልተሰበረም።

በጥር የምረቃው ዕለት ደግሞ ነፋስ የሚባል ጠፋ። ከመቱም ከኖፓም እንግዳ ጠርተን፣ ድንኳን ጥለን፣ ክንፎቹ ንቅንቅ አላሉም። እንግዶቹ ምሳቸውን በልተው ሄዱ። «ሰማይ ለማረስ ነው የተሸከማችሁት?» ብሎ ያፌዘብንም ነበር። አንገቴን ደፋሁ። ህሊና ግን ነፋስ ቀጠሮ እንደማያከብር፣ እሷ የለካችው ግን የዓመቱን እንደሆነ ተናግራ እንጀራዋን በላች።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ የባሕር ዛፉ ጫፍ ተንቀሳቀሰ። ክንፎቹ መጀመሪያ እያቅማሙ፣ ኋላ ፈጠን ብለው ዞሩ። ማኅበሩ ያስተከለው የመብራት ወፍጮም ወዲያው ተነሳ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እህል ተሸክማ ጎሬ ስትወጣ የኖረችው ሳሊሐ ዱቄቱን በእጇ ይዛ ቆማ ቀረች። ጤና ኬላውም የክትባት ማቀዝቀዣ አስገባ፤ አዋላጇ በባትሪ ብርሃን ማዋለድ ቀረላት።

ባለፈው እሑድ ማኅበሩ የቦታውን ስም ሊያስመዘግብ ሲሰበሰብ፣ ኦቦ አራርሳ ማንንም ሳያስቀድሙ ተነሥተው «ቱሉ ፈንታሁን ብላችሁ ጻፉ» አሉ። ቱሉ ኮረብታ መሆኑን አልረሱም መቼም። የተቃወመ አልነበረም። ባዳ ሆነው በመጡት በአባታችን ስም ዛሬ የዚህ አገር ኮረብታ ይጠራል። እኔም ወጥቼ ከአጥሩ ጥግ ብቻዬን አለቀስኩ።

ለጋሼ አራጌ ጉልበታቸውን ስመው ይህን ይንገሩልኝ። ልጃችን ሃይማኖት በትምህርቷ ትበርታ፤ ዲበኩሉን ግንባሩን ሳሙልኝ። ጎረቤቶቻችሁን ሁሉ በያሉበት ሰላም በሉልኝ። ሳሊሐና ልጆቹ እጅ ይነሣሉ። ምርቃትዎን ብቻ አይንፈጉኝ።

ታናሽ ወንድምዎ ጌታሰው ፈንታሁን

ጎሬ፣ የካቲት 23 ቀን 2015 ዓ.ም.