ፍሪጅ ውስጥ የከረመው ቴፕ

ሰመራ፣ ሰኔ 9

የፈራሁት ደረሰ፤ ዛሬ የሰርቨሩ ዲስክ ሞተ። የውኃ ቢሯችን ጉድጓዶች ቦታና ጥልቀት በሙሉ እዚያ ላይ ነበር። መጀመሪያ ብዙም አልደነገጥኩም፤ በየሳምንቱ መጠባበቂያ ቅጂ፣ ባክአፕ፣ ካሴት መሰል ቴፕ ላይ እገለብጣለሁ።

አዲስ ዲስክ ላይ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ጭኜ ቴፑን ላመጣ ግምጃ ቤት ጠባቂያችን ሀሊማ ዘንድ ሄድኩ። ከመደርደሪያው ሳይሆን ከፍሪጅ፣ ከውኃ ጠርሙሶቹ መሃል አወጣችልኝ።

«በዚህ ሙቀት ሰው ይቀልጣል፣ ወላሂ! ፕላስቲክማ ምን ይተርፋል ብዬ ነው» አለችኝ።

አስባልኝ ነው ያደረገችው።

እኔም ቸኩዬ እንደቀዘቀዘ ማንበቢያው ድራይቭ ውስጥ ከተትኩት። ሰርቨሩ ጥቂት ፋይሎች ዘርዝሮ «ማንበብ አልተቻለም» ብሎ ቆመ። ድራይቩን አጸዳሁ፣ ኬብሉን ቀየርኩ፤ ያው ነው። በመጨረሻ ቴፑን አውጥቼ ስዳስሰው እርጥብ ነው። ከፍሪጅ ወደዚህ ሙቀት ሲወጣ አልቦታል። አንድ ቀን ሙሉ ሳይነካ መድረቅ አለበት። ውስጡ የተጠቀለለው ፊልም እርስ በርሱ ተጣብቆ ከሆነ ግን ማድረቁም አያድነው።

አመሻሽ ላይ አለቃዬ ከአዋሽ ደወለ። የፓምፕ ጠጋኞቹ ነገ ጠዋት ዲቾቶ ቀበሌ ይገባሉ፤ ፓምፑን የሚያወርዱት በጉድጓዱ ጥልቀት ልክ ነው፤ ጥልቀቱ ያለው ደግሞ ቴፑ ላይ ብቻ ነው። የዚያ ሰው ውኃ ካጣ ሰንብቷል።

«ባክአፑ አለ አይደል?» አለኝ።

«አለ» አልኩት።

አለማ አለ፤ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ፎጣ ላይ ተኝቷል። እንዲሞቅ ብዬ አየር ማቀዝቀዣውን አጥፍቼ አብሬው እያላበኝ ነው። ሀሊማ ወደ ቤቷ ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ ፎጣው ላይ አይታው «ደረቀልህ?» አለችኝ።

በእጄ ነክቼ ማየት ፈራሁ።