የአያ ታፈረ ሚስት በሯን ከፈተች

እማዬ፣

ከተለየሽኝ ዓመት ሞልቶ አለፈ። ሙት ዓመትሽም ባለፈው ወር በወጉ ወጣ። ከዚያ በፊት ልጽፍልሽ ስንት ጊዜ ተቀምጬ፣ «እማዬ» ከሚለው ቃል ማለፍ እያቃተኝ ወረቀቱን አጥፌ ተነስቻለሁ። ዛሬ ግን የምነግርሽ ስላለኝ እጄ አልዘገየም። አሸነፍነው። ያ ስንት ጊዜ መሬት ላይ ያንከባለለን ጥቁሩ ንጉሥ ወደቀ። እንዴት እንደወደቀ ልነግርሽ ቸኩያለሁ፤ አንቺ ግን ወሬ ከጫፉ ሲጀመርልሽ ስለማትወጂ ከቤታችን ልነሳ።

«ለጥላ ብቻ የቆመ» እያልሽ ታሚው የነበረው ማንጎ ዘንድሮ አፈራ። ሐሜቱ ደርሶት ይሆናል። ጣሪያው ተጠግኗል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ሳፋ የምናስቀምጥበት ቦታ አሁን ደረቅ ነው። ሐይቁ ዳር አዲስ መንገድ ሠርተው ሰዉ ማታ ማታ ይንሸራሸርበታል፤ ጉልበትሽ ሲደክምሽ የምናርፍበት ድንጋይ ግን አልተነሳም፣ እሑድ እሑድ እቀመጥበታለሁ። ወንበርሽ ላይ ማንንም አላስቀምጥም ብዬ ነበር። እትዬ ዘውዴ አንድ ቀን ምንም ሳትጠይቀኝ መጥታ ዘጭ አለችበት። መጀመሪያ ከፋኝ፤ ከዚያ ግን የግቢያችን ሰው፣ ያውም ሃያ ዓመት አብራሽ በአንድ አጥር የኖረች ሴት፣ ወንበርሽ ላይ ካልተቀመጠች ማን ሊቀመጥ ነው ብዬ ተውሁት።

ማሽኑን የገዛሁበትን ቀን ታስታውሻለሽ። ጉልበትሽ ከፋብሪካው ካስወጣሽ ወዲህ ቀኑ አልመሽ ብሎሽ ነበርና፣ ፊልም እንድታዪበት ብዬ ያገለገለ የጌም ማሽን ይዤ መጣሁ። ሻጩ ውስጡ የቀረ አንድ ሲዲ አለ፣ ምርቃት ይሁንሽ ብሎኝ ነበር። ፊልም ያሳያል የተባለው ማሽን ፊልም አላሳይም አለ፤ እሺ የሚለው ያንኑ ሲዲ ብቻ ሆነ። ስንከፍተው ጽሑፉ ከላይ እስከ ታች ጃፓንኛ ነው። አንድ ልጅ እግር ጎራዴ ታጥቆ ከአገር አገር ይዞራል፣ ጓደኛ ያፈራል፣ ከአውሬ ጋር ይዋጋል፤ ሰው ሁሉ ያናግረዋል፣ እኛ ግን አንዲት ቃል አንሰማም። ቋንቋውን የማያውቅ ሊጫወተው አይችልም ብዬ ላጠፋው ስል እጄን ያዝሽኝ።

ይፋግ ላይ ዳዊት ያስተምሩ የነበሩትን የአያቴን የመሪጌታን ነገር የነገርሽኝ ያን ጊዜ ነው። ተማሪዎቻቸው ዳዊቱን ከዳር እስከ ዳር እንደ ውኃ ሲያወርዱት፣ አንዱም የሚለውን ግዕዝ እንደማያውቅ፣ አንቺም ሕፃን ሆነሽ ከእነሱ እየሰማሽ ግማሹን በቃልሽ እንደያዝሽው ነገርሽኝ። «መጀመሪያ ንባብ ነው» አልሽኝ። «ትርጓሜው ሲደርስ ይደርሳል።»

እውነትም ንባብ ጀመርን። ሁለት እጁን ዘርግቶ የሚሮጥ ሰው የሚመስለው ፊደል እሳት መሆኑን ያወቅሽው አንቺ ነሽ፤ እሱን በነካን ቁጥር ጠላት ይቃጠላል። አራት ማዕዘን ሳጥን የመሰለውን ፊደል ግን ዕቃ መግዣ ነው ብለሽ ድርቅ ብለሽ ነበር፣ እስከ መጨረሻው ምን እንደሆነ ሳናውቀው ቀረን። የሰዎቹን ሐሳብ ደግሞ ከፊታቸውና ከእጃቸው ታነቢው ነበር። ፋብሪካው ፈትል ክፍል ውስጥ በዚያ ሁሉ የማሽን ጩኸት መሀል እንዲያ ነበር የምትግባቡት። እኔ ቁልፉን እጫናለሁ፣ አንቺ ከጎኔ ሆነሽ «ይኼ ይዋሻል፣ ዓይኑን እይው» ትያለሽ፤ አብዛኛውን ጊዜ እውነትሽን ነበር።

አንድ ጊዜ ስልኬን አውጥቼ በካሜራው ላስተረጉም ብል፣ «ሽንኩርቱ አዝኗል፣ ወደ ሰሜን ይቅር በሉ» የሚል ነገር አወጣ። እንባሽ እስኪወርድ ሳቅሽ። ከዚያ ስልኬን ነጥቀሽ ከጉልበትሽ ሥር አደረግሽውና፣ ከእንግዲህ ይኼ ጨዋታ ከስልክም ከሰውም ሳይጠየቅ በእኛው ያልቃል ብለሽ ፈረድሽ። የኔ ምስኪን፣ እዚህ ላይ መሪጌታ አባትሽን ቁርጥ ነበርሽ።

ስም ያወጣሽላቸውም አንቺ ነሽ። ባለ ጎራዴው ልጅ ዳምጤ ተባለ። ቁስል የምታድነዋ ልጅ ስንዱ ተባለች። ሽበታሙና ባለ ምርኩዙ ደግሞ አያ ታፈረ ሆነ። አንድ ከተማ ስንገባ የመንደሩን ሰው ሁሉ ሰላም ሳንል፣ ስንወጣም ሳንሰናበት እግር ማንሳት ክልክል ነበር። እኔ ስነጫነጭ፣ ያላሳደግሁሽ ትመስያለሽ ብለሽ ትቆጪኝ ነበር።

የደሴቷን ገዳም ነገር ግን ዛሬም ሳስበው ብቻዬን እስቃለሁ። ጨዋታው ውስጥ ጀልባ አግኝተን አንድ ሐይቅ ስንሻገር፣ ደሴት ላይ ጥንታዊ መቅደስ አየን። አንቺ ገና ከሩቅ ስታዪው አማተብሽ። ከዚያ ቆፍጠን ብለሽ ስንዱ ከዚህ ማለፍ የለባትም አልሽ። ጣና ላይ ሴት የማይገባባቸው ገዳማት እንዳሉ ማን የማያውቅ አለ፤ ስለዚህ ስንዱን ከወደቡ ትተን ወንዶቹ ብቻ ገቡ። መድኃኒቷ እሷ ናት፣ እሷን ትተን ገብተን አንድም ጊዜ ከሁለተኛው ክፍል አላለፍንም። ሳምንቱን ሙሉ አለቅን። በመጨረሻ እትዬ ዘውዴ ከበር ላይ ሆና እያየችን፣ ገዳሙ የጃፓን እንደሆነና የጃፓን መነኮሳት ስለ ሴት ምን እንዳሉ እንደማናውቅ ብታስረዳሽ፣ ረጅም አስበሽ ስንዱ ነጠላዋን አጣፍታ ትግባ ብለሽ ፈቀድሽ። ነጠላ እንኳ አልነበራትም። በዚያው ዕለት አለፍን።

ከዚያ አያ ታፈረ ሞተ። ድልድዩ ላይ አውሬው ሲመጣብን፣ እኛን አሻግሮ እሱ ቀረ። ስንዱ ታነሳዋለች ብለን ጠበቅን፤ ይኼኛው ግን የማይነሱበት ሞት ነበር። ከልብሽ አለቀስሽ፣ እኔም አለቀስሁ። ጨዋታው ወደፊት ሂዱ ይለናል፣ አንቺ ግን ለሚስቱ ሳንደርስ የት ነው የምንሄደው አልሽ። ያችን ቀይ ሻሽ የምታስር ሴት፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት አያ ታፈረ ቤቱ ወስዶን ያበላችንን፣ ለቅሶ ልንደርሳት ያን ሁሉ አገር ወደ ኋላ ተመለስን። በሯ ተዘግቷል። ብናንኳኳ መልስ የለም። ሠልስቱ ሳይወጣ አይኬድም ብለሽ እዚያው መንደር ማደሪያ ውስጥ ሦስት ሌሊት አሳደርሽን፤ በሩ አልተከፈተም። ከዚያ በኋላ በዚያ አቅጣጫ ባለፍን ቁጥር «እስቲ በእሷ በኩል እንለፍ» ትይ ነበር። እናልፋለን። ዝግ ነው።

ከጨዋታው የመጨረሻ ጠላት፣ ከጥቁሩ ንጉሥ በር ላይ የደረስነው አንቺ ስትታመሚ ነው። እንዳንቺ ያለ ተስፈኛ በሽተኛ አልታየም፤ ሐኪሙ ሲያወራሽ አንቺ ስለ ንጉሡ ጋሻ ታስቢ ነበር። ምንም ብንመታው ጋሻው አይሰበርም፤ ጥቂት ቆስሎ ተመልሶ ይድናል፣ እኛ እናልቃለን። አንቺ ይህን ሳታዪ እንዳትሄጂ ብዬ ቸኮልሁ፤ ሰላምታውንም ስንብቱንም ትተን በቀጥታ ወደ እሱ፣ እንደገና ወደ እሱ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ። ሆስፒታል ከገባሽ በኋላ ድምፅሽ እንዲያ ቀጥኖ፣ ጆሮዬን አስጠግተሽ ያልሽኝን አልረሳሁም። «የአያ ታፈረ ሚስት በሯን ከፍታ ይሆን? ሂጂና እያት።» እሺ አልሁሽ። ደስ ይበልሽ ብዬ ነበር እሺ ያልሁት። ከዚያ አንቺ ሄድሽ፤ ዳምጤና ስንዱ ንጉሡ በር ላይ እንደቆሙ ቀሩ።

ለቅሶ ቤት ቴሌቪዥን አይከፈትም፣ ወጉ ነው። አርባሽ ካለፈ በኋላ ሊከፈት ይችል ነበር፣ እኔ ግን አልከፈትሁትም። በጥቁር ጨርቅ ሸፍኜው ዓመቱን ከረምሁ። ሥራ እውላለሁ፣ ገብቼ በሬን እዘጋለሁ። ሰው ሲያንኳኳ የሌለሁ መስዬ ቁጭ የምልበት ቀን ብዙ ነበር። እትዬ ዘውዴ ደጁ ላይ ድስት አስቀምጣ ትሄዳለች፤ እሷ ስትርቅ ከፍቼ አነሳዋለሁ። በሙት ዓመትሽ ማግስት፣ እንግዳው ሁሉ ተሸኝቶ ጥቁሬን ሳወልቅ፣ እትዬ ዘውዴ መጥታ ጨርቁን ከቴሌቪዥኑ ላይ ገፈፈችው። «እሱም ሐዘኑን ጨርሷል» አለችኝ። ወንበርሽ ላይ ዘጭ ያለችው ያን ዕለት ነው።

ማሽኑ ይነሳል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር፤ ተነሳ። ዳምጤና ስንዱ እዚያው በሩ ላይ ቆመዋል። ገባን፣ ንጉሡ አንከባለለን። ደግመን ገባን፣ አሁንም አንከባለለን። ላጠፋው እጄን ስዘረጋ እሺ ያልሁሽ ትዝ አለኝ። ሳልሄድ እንደቀረሁ፣ ለአንቺ እሺ ብዬ ያልፈጸምሁት ይህ ብቻ እንደሆነ ገባኝ። ለእትዬ ዘውዴ ለቅሶ ልንደርስ ነው ብላት፣ ለማን ብላ እንኳ ሳትጠይቀኝ ነጠላዋን አስተካከለች።

አገሩን ሁሉ ወደ ኋላ ዞርሁት። አልቸኮልሁም። በየመንደሩ ያለውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ሰላም አልሁ፤ ወንዝ ዳር የምትቀመጠዋን፣ ዳቦ ጋጋሪውን፣ ያን ዓይኑ የሚዋሸውንም ሳይቀር። ከአያ ታፈረ መንደር ስደርስ በቀጥታ ወደ ቤቷ ሄድሁ። በሩ ክፍት ነበር። እማዬ፣ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ቀይ ሻሿን አስራ ውስጥ ቆማለች። ረጅም ነገር ተናገረች፣ ጽሑፉ ተራ በተራ አለፈ፣ እኔ አንዲት ቃል አልሰማሁም። ስትጨርስ ዝቅ ብላ እጅ ነሳችና፣ ከግድግዳው ላይ የባልዋን ምርኩዝ አውርዳ ሰጠችን።

ምርኩዙን ዳምጤ ሊይዘው አልቻለም። የያዘችው ስንዱ ናት። ወደ ንጉሡ በር ተመለስን። ያችው ከገዳሙ ደጅ ያስቀረሻት ስንዱ ምርኩዙን አንስታ መሬቱን ስትመታው፣ ያ ማንም ያልሰበረው ጋሻ ተሰባብሮ ረገፈ። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔም በደንብ አላስታውሰውም፤ እትዬ ዘውዴ ጭኔን እየመታች አይዞሽ፣ አይዞሽ ትለኛለች፣ ማሽኑ ውስጥ ያለው ሙዚቃ ደግሞ ከፍ ይላል። የመጨረሻውን ምት የመታችው ስንዱ ናት። ንጉሡ በጉልበቱ ወደቀና አገሩ ላይ ጸሐይ ወጣ።

እትዬ ዘውዴ እልልታዋን ስትለቀው የግቢው ውሻ ጮኸ። አጥር ማዶ ያሉት ጎረቤቶች ኳስ ያለ መስሏቸው ማን አገባ ብለው ጠየቁ፤ እሷም ሳታመነታ የእኛዋ ናት ብላ መለሰችላቸው፣ እነሱም ማዶ ሆነው አብረው ጮኹ። እኔ ሳቅሁ፣ አለቀስሁ፣ እንደገና ሳቅሁ። በቴሌቪዥኑ ላይ የየመንደሩ ሰው ከቤቱ እየወጣ ይታይ ነበር፤ ሰላም ያልሻቸው ሁሉ፣ አንድም አልቀረ። በመጨረሻ የታየችው የአያ ታፈረ ሚስት ናት፣ በተከፈተው በሯ ላይ ቆማ። ደክሞኝ ሳይሆን ደስ ብሎኝ የተኛሁት ከአንቺ በኋላ ያን ዕለት ነው።

አሁን እትዬ ዘውዴ ከመጀመሪያው እንጀምር እያለችኝ ነው። እሺ ብያታለሁ፤ ገዳሙ ጋ ስንደርስ የምንጣላ ይመስለኛል። ቤቱም እንደ ድሮው ሰው ይገባበታል፣ ይወጣበታል። ለአንቺ ግን የምገባልሽ ቃል ይኼ ነው፦ በየዓመቱ በዕለትሽ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ማሽኑን ከፍቼ ያን ሁሉ አገር እዞራለሁ። ሰዉን ሁሉ በአንቺ ስም ሰላም እላለሁ፤ ሴትዮዋም ቤት እደርሳለሁ። አንቺ ያስተማርሽኝን ወግ እኔ እያለሁ አይቀርም።

የአያ ታፈረ ሚስት ያን ዕለት የተናገረችውን አላስተረጎምሁትም፣ አላስተረጉመውም። ጥቁሬን አውልቄ በሬን ስከፍት፣ ዓመቱን ሙሉ ደጄ ላይ ድስት እያስቀመጠች ስትመለስ ለነበረችው ሴት ምን ብዬ እንዳመሰገንኋት እኔ አውቃለሁ። የአያ ታፈረ ሚስትም ያንኑ ነው ያለችን።

ትርጓሜው ደርሷል፣ እማዬ።

ልጅሽ