ከድንበሩ በፊት ያለቀው አይብ

ልጄ ናይራ፣

የሶካቮኗ እመቤታችን ማርያም ከፊትሽ ትቅደምልሽ። እንደምን አለሽልኝ? እኛ ደህና ነን፤ አባትሽ ለካርኒቫሉ ጭፈራ የሚለበሰውን የሰይጣን ጭምብል ቀለም ሲቀባ ጢሙን ቀይ አድርጎታል።

ስሚ፣ ዛሬ የሆነውን ልንገርሽ! ገበያ አይቤን ዘርግቼ ተቀምጬ፣ ወደ ቺሊ፣ አሪካ የሚሄደው አውቶቡስ ሾፌር ዶን ሴቬሪኖ መጣና «የናይራ እናት እርስዎ ነዎት?» አለኝ። ምን ደረሰባት ብዬ ብድግ አልኩ! እሱ ግን እየሳቀ «ልጅዎ አውቶቡሱን ሙሉ አበላችው እኮ!» አይለኝም!

ለካ ቦርሳሽ ውስጥ የከተትኩልሽን አይብ አይብ ማስገባት የሚከለክሉት የቺሊ ፈታሾች ከሚጥሉብሽ ብለሽ፣ ከድንበሩ በፊት ቆርሰሽ ለተሳፋሪው ሁሉ አድለሽዋል። «እኔም ደርሶኛል፣ አሁን ሁለት ይስጡኝ» አለ። ስትስቂ ያየሽ ሰው ፊቴ ቆሞ! በደስታ ስዘል ከጎኔ የምትሸጠው ዶኛ ፍሎራ «ይቺ ሴትዮ አበደች» አለች።

ደብዳቤውን አሪካ አክስትሽ ቤት የሚያደርስልሽ እሱው ነው፤ አይብም ልኬልሻለሁ፤ ፈታሾቹ የማያሳልፉት ከሆነ እሱም እንዳንቺ ለተሳፋሪው ያድለው። ከዚያ ወደ ፔሩ ስትሻገሪ ሹራብሽን እንዳትረሺ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ ድንበር በደረስሽ ቁጥር የያዝሽውን አካፍይ። ካካፈልሻቸው ሰዎች አንዱ መቼም ወሬሽን ይዞልኝ ይመጣል።

አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ሁልጊዜም የራበው ሰው ከጎንሽ ያስቀምጥልሽ።

እናትሽ ኤውሴቢያ